በአድማጩ ክፍል የተቀዳ ድምፅ

አድማጩን ከቢሮው ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ያገኙት የአምቡላንስ ሠራተኞች ናቸው። አንዲት ሴት ደውላ፣ «ዓይነ ሥውሩ ሰውዬ ወድቋል፣ በፈጣሪ ድረሱለት!» አለችና ስልኩን ዘጋችው። ስሟንም አልተናገረች፣ ማን እንደሆነችም አልገለጸች። ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ቁስለኛው ሆስፒታል ገብቷል፤ ወለሉ በጭቃ ጫማ ተረጋግጧል፤ በብረት ቁም ሣጥኑ ጥግ ላይ የረጋ ደም ቀርቷል። ውጭ ዝናቡ ገና አላባራም።

«እንግባ?» አለች ሳጅኗ።

«ቆይ» አለ ኢንስፔክተሩ።

በመሥሪያ ቤቱ ከኋላው «አባ ቆይ» ይሉታል። እሱም ያውቃል፤ አይከፋውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት ለሱ ያወጡለት ይመስል፣ ሌላው ሮጦ ሲገባ እሱ በር ላይ ይገተራል። አሁንም ተገትሮ ክፍሉን በዓይኑ ዞረው። ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ኋላ የአድማጩ መቀመጫ፣ እስከ ጣሪያው የሚደርስ መደርደሪያ። ሁሉም በየቦታው፣ ጠርዝ ለጠርዝ ገጥሞ ተቀምጧል። ከቦታው የወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መተላለፊያው መሐል የተገለበጠው የእንግዳ ወንበር።

አድማጩ በሠራተኞች መብት ማኅበር አቤቱታ ሰሚ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ አያይም። በሥራው ላይ በደል የደረሰበት ሰው ይመጣል፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ የሆነውን ይናገራል፤ እሱ ያዳምጣል፣ ይቀዳል። ባለጉዳዩ ሁሉ «አድማጩ» ሲለው የገዛ ስሙ ከሰው አፍ ጠፍቷል።

«ትግል ነበር» አለች ሳጅኗ ወንበሩን እያሳየች። ከዚያ በርከክ ብላ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ጥቁር ዕቃ አወጣች። የወፍራም መጽሐፍ ያህላል። ስክሪን የለውም፤ ፊቱ ላይ እንደ ፒያኖ የተደረደሩ ጥቂት ቁልፎች፣ ከነሱ በታች ደግሞ ብቅ ጥልቅ የሚሉ፣ በጣት የሚዳሰሱ የብሬል ነጥቦች አሉት። አንዱን ቁልፍ ብትነካው ዕቃው በሴት ድምፅ፣ «መቅጃ በመጠባበቅ ላይ» አለ።

ሳጅኗ ደንግጣ ልትጥለው ነበር። «ይናገራል እንዴ?»

«ማስታወሻ መያዣው ነው» አለ ኢንስፔክተሩ። «ይጽፍበታል፣ ያነብበታል፣ ይቀዳበታል። ተናጋሪ ከሆነማ እኛም እንስማው።»

በማግስቱ ጧት ባለሙያዎቹ ቅጂውን አወጡት። መቅዳት የጀመረበት ሰዓት አብሮ ተመዝግቧል፦ ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ። ኢንስፔክተሩና ሳጅኗ ተቀምጠው አዳመጡ።

«ጋሼ፣ ዕቃህን ሸክፌ እወስድሃለሁ ብያለሁ፣ እወስድሃለሁ!» ይላል አንድ የተቆጣ ወንድ። «ሚስትህ ከሞተች ወዲህ ብቻህን ምን ትሠራለህ?»

«እኔ ልጅህ አይደለሁም። ቤት አለኝ፣ ሥራ አለኝ።» ይህ አድማጩ ነው።

«መቼ ትሰማለህ! አንድ ቀን እዚሁ ወድቀህ ትገኛለህ! ያን ቀን ወንድሜ እንዳትለኝ!»

በር ተወርውሮ ተዘጋ። ወዲያው ያው በር ሲጥጥ ብሎ ተከፈተ።

«ደግሞ ተመለስክ?» አለ አድማጩ። መልስ የለም። የወንበር እግር ወለሉን ሲፍቅ ተሰማ። «ዕቃዬን እንዳትነካ አልኩህ!» ከዚያ የክብሪት ቀፎ እንደነቀነቁት ያለ ኳኳታ፣ ጥቂት የችኮላ እርምጃዎች፣ ዱብ የሚል ከባድ ነገር። አንድ ሰው ትንፋሹን ሳበ፤ የሩጫ ኮቴ፤ አለቀ።

ሳጅኗ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ከዚህ በላይ ምን እንፈልጋለን?»

ኢንስፔክተሩ ቆይ ለማለት አፉን ከፈተ፤ የሚቆይበት ምክንያት ግን አላገኘም።

ወንድምየውን ከሆስፒታሉ ኮሪደር አነሱት። የመኪና ቀለም ቀቢ ነው፤ በጥፍሮቹ ሥር ሰማያዊ ቀለም ደርቋል። ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ወንበር ላይ እንደነበረ ነርሷ ተናገረች። በመርማሪው ክፍል ቅጂውን ሲያሰሙት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ድምፁ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው። ተጣልተናል፤ አልክድም።»

«ወጥተህ ተመለስክ።»

«አልተመለስኩም! ዓይኔን ግንባር ያድር…» ብሎ ምላሱን ነከሰ። ትንሽ ቆይቶ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እናታችን ይህን መሐላ ቤታችን ውስጥ ከልክላው ነበር» አለ። «አልተመለስኩም፣ ጌታዬ። በሩን ወርውሬ ወጣሁ፣ ንዴቴ እስኪበርድ ፀጉር ቤት ገባሁ፣ ጺሜን ተላጭቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።»

«ወንድምህ ግን ደግሞ ተመለስክ ብሎሃል። ገና በሩ ሳይረጋ።»

«ታዲያ እኔ ምን ልበል? እሱ ይነሳና ይንገራችሁ።» እንባው መጣ። «ወድቀህ ትገኛለህ አልኩት። ከአፌ ወጥቶ ሳይደርቅ ወደቀ። ገፋኸው ካላችሁኝ… እንጃ። በምላሴ ገፍቼው እንደሆነ እንጃ።»

ሳጅኗ ከክፍሉ ሲወጡ፣ «ጥሩ ተዋናይ ነው» አለች። ኢንስፔክተሩ የሰው ልጅ ሲዋሽ ብዙ አይቷል፤ ውሸታም ግን በራሱ ላይ የማይፈርድ እንደሆነ ያውቃል።

ፀጉር ቤቱ ከማኅበሩ ሕንፃ ጥቂት አለፍ ብሎ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ነው። ፀጉር አስተካካዩ ወሬ ያልጎደለበት ሰው ነበር።

«አስታውሰዋለሁ እንጂ! እንደ ተኮሰ ምጣድ ግሎ ገባ። ላናግረው ብል ያጉረመርማል። ዝም ብዬ አረፋውን ቀባሁት። ልክ ምላጩን ሳነሳ ሰማዩ ተቀደደ። ‹እንኳን ገባህ፣ ትበሰብስ ነበር› አልኩት፤ እሱ እቴ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ።»

«ሲገባ ልብሱ ደረቅ ነበር?»

«ደረቅ! ጠብታ አልነካውም። ዝናቡ እስኪያባራ ደግሞ እዚችው አግዳሚ ላይ ተጎልቶ ጋዜጣ ሲያገላብጥ ነው ያመሸው።»

ሳጅኗ ወደ ኢንስፔክተሩ ዘወር አለች። «ምን ይረዳዋል? ገፍቶት ወጣ፣ መጥቶ ተላጨ። ዝናቡ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።»

አለቃቸውም ያንኑ አለ። «ጠብ አለህ፣ ዛቻ አለህ፣ ቅጂ አለህ። ምን ቀረህ? ሟቹ ራሱ መጥቶ ይመስክርልህ?»

«ገና አልሞተም፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ሳይሞት ፋይሉን ዝጋ!»

ኢንስፔክተሩ ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ የጆሮ ማዳመጫ አጠለቀ። ቃሉን በቃሉ ይዞታል፤ ስለዚህ ንግግሩን ትቶ ከንግግሩ ሥር ያለውን ለመስማት ሞከረ። በጠቡ ጊዜ ከጀርባ የመኪና ጥሩምባ አለ፣ ከመንገድ የሰው ጫጫታ አለ። በሩ ተወረወረ። በሩ ተከፈተ። «ደግሞ ተመለስክ?»

መልሶ አሰማው። ከዚያ እንደገና።

የመንገዱ ጫጫታ የለም። በምትኩ ከመስኮቱ በኩል አንድ ነገር ይንቆረቆራል። ቀጭን፣ የማያቋርጥ። በአድማጩ መስኮት አጠገብ የወረደው አሸንዳ ትዝ አለው፤ ያን ዕለት ክፍሉን ሲመረምሩ ውሃው ከዚያ ሲወርድ ነበር። ጠቡ ላይ አሸንዳው ደረቅ ነው፤ አንዲት ትንፋሽ በማትሞላ ጊዜ ውስጥ ሞልቶ ይፈሳል። ዝናብ ቢቸኩል ቢቸኩል እንዲህ አይቸኩልም። ሰማዩ ሲቀደድ ደግሞ ወንድምየው ፊቱን አረፋ ተቀብቶ ምላጭ ሥር ነበር።

«ሳጅን!» አለ ተነስቶ። «ያሰርነው ሰው ንጹሕ ነው።»

የማኅበሩ ኃላፊ ጠበቃ ናት፤ እሷም አታይም። አደጋው በደረሰ ዕለት ሌላ ከተማ ስብሰባ ላይ ነበረች። በሯን ሲያንኳኩ፣ «ግቡ፣ እያየኋችሁ ነው» አለችና በራሷ ቀልድ ሳቀች። ሳቋ ግን አልቆየም። «ወንድሙን አሰራችሁት አሉ። ከማሰራችሁ በፊት እኔን ብትጠይቁኝ ምን ነበር?»

«አሁን ልጠይቅዎ መጥቻለሁ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ይህ መቅጃ ጊዜ ሊዘል ይችላል?»

«ጊዜ አይዘልም። ዝምታ ግን ይዘላል።» የራሷን መሣሪያ ከጠረጴዛዋ ላይ አነሳች፤ ከአድማጩ ጋር አንድ ዓይነት ነው። «እንዲህ አድርገን ነው የምናዘጋጀው፦ ቀረብ ያለ ድምፅ ሲሰማ ይነሳል፣ ጸጥ ሲል ይተኛል። የሚመጣብን ሰው የሆዱን ለማውጣት ምን ያህል ዝም እንደሚል ብታውቁ! ያንን ሁሉ ብንቀዳ መቼ ሰምተን እንጨርሳለን?»

«ስለዚህ በአንዱ ቃልና በሚቀጥለው መካከል…»

«ግማሽ ቀን ሊያልፍ ይችላል። ሲሰሙት ግን እግር በእግር የተከታተለ ይመስላል።»

ሳጅኗ አንገቷን ደፋች። «መቅጃ በመጠባበቅ ላይ» ያለውን ድምፅ እሷም፣ ኢንስፔክተሩም ሰምተው አልፈውት ነበር።

«ለወንድሙ ብሎ ነው የከፈተው?»

«ኧረ የለም። ቀጠሮ ያለው ሰው ከመምጣቱ በፊት ከፍቶ ይጠብቃል። ሰውዬው ሲቀመጥ ይነግረዋል፤ ካልፈለገ ያጠፋዋል። ሌላ ሰው ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። ማንን እንደሆነ አላውቅም፤ ቀጠሮ በጭንቅላቱ ነው የሚይዘው፣ ሰዎቹ ስማቸው እንዲጻፍ አይፈልጉማ።»

ኢንስፔክተሩ ስለ ወንበሩ ነገራት። ኃላፊዋ ፊቷ ተለወጠ።

«የእንግዳው ወንበር ወለሉ ላይ ተለክቶ ነው የተቀመጠው። የሚመጣው ሁሉ እንዳያንቀሳቅሰው ይነገረዋል። እሱ በዚያ ክፍል ውስጥ ሲሄድ እኮ እንደ እናንተ ነው፣ አይዳብስም። በመተላለፊያው ላይ ወንበር ከገተሩበት…» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። «ማን ነው የሳበው? ለምን?»

ሦስቱም ወደ አድማጩ ክፍል ሄዱ። ኢንስፔክተሩ ቀና ብሎ መደርደሪያውን አየ። ከላይኛው ተርታ ላይ በአቧራው መሐል አራት ማዕዘን የሆነ ንጹሕ ቦታ አለ።

«ከላይ ምን ነበር?»

«የካርዶቹ ሣጥን። ቃላቸውን የሰጡ ሰዎች ድምፅ በትንንሽ የማስታወሻ ካርድ ላይ ይገለበጣል፤ በየማኅደሩ ላይ በብሬል ምልክት አለ።» እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። «የለም እንዳትሉኝ ብቻ።»

«የለም» አለ ኢንስፔክተሩ። የክብሪት ቀፎው ኳኳታ አሁን ገባው። «አንዲት ካርድ ፈልጎ መጣ፤ ብሬል ማንበብ ስለማይችል ሣጥኑን ሙሉ ወሰደ። ካርዶቹ የት እንዳሉ ያውቃል፣ ምክንያቱም እዚህ ተቀምጦ የራሱ ቃል ሲቀመጥ አይቷል። ምንም አልተናገረም፣ ምክንያቱም አድማጩ በድምፁ ያውቀዋል።»

«ወይም ያውቃታል» አለች ሳጅኗ። «የደወለችዋ ሴት!»

ጥሪው የመጣበትን ቁጥር ከአምቡላንስ ጣቢያው ወሰዱ። የአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ስልክ ነበር። ባለሱቁ ለማስታወስ አልተቸገረም።

«ውሃ በውሃ ሆና ገባች። ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ በፋሻ ተጠቅልሏል። በግራ እጇ ቁጥሩን መጫን አቅቷት እኔ ነኝ የደወልኩላት። ብብቷ ሥር የፕላስቲክ ሣጥን ይዛለች፤ አስቀምጪው ብላት አልሰማችኝም። አውርታ እንደጨረሰች እያለቀሰች ወጣች።»

ኢንስፔክተሩ ለኃላፊዋ ደወለላት። የፋሻውንም ነገር ነገራት።

«የባለጉዳይ ምሥጢር አላወጣም» አለች። «ግን የላውንደሪው መተኮሻ ማሽን የሰው እጅ እንደሚበላ ከተማው ሁሉ ያውቃል።»

ላውንደሪው የሆቴሎችን አንሶላ የሚያጥብ ትልቅ አዳራሽ ነው። እንፋሎቱ ዓይን ያቃጥላል። ተቆጣጣሪው ስለ ፋሻዋ ሴት ሲጠየቅ፣ «በራሷ ጥፋት ነው» አለ፤ ጥያቄው እንኳ ገና አልተጨረሰም። ኢንስፔክተሩ አድራሻዋን እስኪሰጡት ድረስ ቆሞ ማሽኑን አየ። አንሶላውን የሚውጡት ሁለት ሲሊንደሮች ፊት ለፊት የእጅ መከለያ የሚታሰርበት ቀዳዳ አለ፤ መከለያው ግን የለም። አንዲት ፍንጭት ጥርስ ያላት ቀጭን ወጣት አንሶላውን በጣቶቿ ጫፍ እያስጠጋች ታጎርሳለች።

ሴትዮዋ በሩን ስትከፍት አልደነገጠችም። «ትመጣላችሁ ብዬ ስጠብቅ ነበር» አለች። ሣጥኑ ጠረጴዛ ላይ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። «አልከፈትኩትም። ሞተ?»

«አልሞተም። ዛሬ ጧት ነቅቷል። ሐኪሙ ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ያበቃለት ነበር አለ።»

ያን ጊዜ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ሳጅኗ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«አልነካሁትም። ነገር ግን እኔ ነኝ የጣልኩት» አለች ሴትዮዋ። «ቃሌን ሰጠሁት፤ ማሽኑ እጄን እንዴት እንደያዘኝ፣ መከለያውን ሥራ ያዘገያል ብለው እንደፈቱት፣ ሁሉን። የቀረውን ለመጨረስ ቀጠሮ ሰጠኝ። በመሐሉ አለቃችን ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ ‹ለማኅበሩ ወሬ የወሰደችውን ባገኛት ከነዘመዷ ነው የማባርራት› አለ። እህቴም እዚያው ነው የምትሠራው። እኔስ ተጎድቻለሁ፤ እሷ ምን በወጣት? ቃሌን አጥፋልኝ ልለው ነው የሄድኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?»

«በሩን ስከፍት፣ ‹ደግሞ ተመለስክ?› ብሎ ጮኸ። እንዲህ ተቆጥቶ ሰምቼው አላውቅም። ፈራሁ። ሣጥኑን አየሁት። ሰይጣን፣ ‹ወስደሽ ሂጂ፣ ማንም አያውቅም› አለኝ። ወንበሩን ስቤ ወጣሁበት። ሣጥኑን ይዤ ስወርድ እሱ ተነስቶ መጣ፤ በቀጥታ፣ እንደሚያይ ሰው። ወንበር አለ ብዬ ልጮህ ነበር። አልጮህኩም። እንዳያውቀኝ ፈርቼ አልጮህኩም።» ጤነኛ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አንዲት ቃል እኮ ነበረች።»

ኢንስፔክተሩ በሥራው ብዙ ክፉ ሰው ገጥሞታል፤ ይህችኛዋ አንጀቱን በላችው። «ላውንደሪው ሄደን ነበር» አለ። «ባንቺ ማሽን ላይ አሁን አንዲት ቀጭን ልጅ ቆማለች። ፍንጭት ናት።»

ሴትዮዋ ቀና አለች። «ምን አሉ?»

«መከለያው አሁንም የለም።»

«እህቴ ናት» አለች፣ ድምፅ በሌለው ድምፅ። «ማጠፊያ ክፍል ነኝ ነበር የምትለኝ። እንዳልጨነቅ ብላ… እዚያ ላይ አቆሟት?» ተነሳች። በግራ እጇ ሣጥኑን አቀፈች። «ወደሱ ውሰዱኝ። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁበት።»

ወንድምየው ከእስር ወጥቶ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ኢንስፔክተሩ ይቅርታ ሲጠይቀው እጁን በኃይል ጨበጠው። አድማጩ ጭንቅላቱ ታስሯል፣ ድምፁ ሰልሏል፤ ሴትዮዋ ከበሩ ላይ እያለቀሰች የሆነውን ሁሉ እስክትጨርስ ግን አንዴም አላቋረጣትም።

«እኔም ጥፋት አለብኝ» አለ በመጨረሻ። «የወንድሜን ንዴት ባንቺ ላይ ተወጣሁ። ሰው ሲገባ ማነው ማለት ለኔ ሥራዬ ነው፤ ያን ቀን አላልኩም።»

«ባትተርፍ ኖሮስ?»

«ተርፌያለሁ። ደወልሽ አይደል?» ወደ ኢንስፔክተሩ ድምፅ ዞረ። «እኔ በሷ ላይ ክስ የለኝም። ይጻፍልኝ።»

«የሆነውን እንደሆነው እጽፋለሁ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ሣጥኑን መውሰዷንም፣ መመለሷንም፣ መደወሏንም፣ እርስዎ ያሉትንም። ዐቃቤ ሕጉ ያየዋል። የማሽኑን ነገር ደግሞ ዛሬውኑ ለሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪዎች አሳውቃለሁ፤ ግን ‹ፖሊስ ቆሞ አየ› ብቻውን ውሃ አያነሳም። የተጎዳ ሰው ቃል ይፈልጋሉ።»

ሳጅኗ መሣሪያውን ከቦርሳዋ አውጥታ አድማጩ ጉልበት ላይ አስቀመጠችለት። ጣቶቹ ቁልፎቹ ላይ አረፉ። ከሣጥኑም ካርዶቹን አንድ በአንድ ዳብሶ አንዷን ለየና ወደ ሴትዮዋ ዘረጋት።

«ድምፅሽ ይኸው። ልታጠፊው ብለሽ ነው የመጣሽው፤ ያንቺ ነውና ትችያለሽ። እኔ ቅር አይለኝም፣ የእውነቴን ነው።»

ሴትዮዋ ካርዷን ተቀብላ አየቻት። ከጥፍር ትንሽ ብትበልጥ ነው። ወንድምየው ተነስቶ መቀመጫውን ለቀቀላት፤ ተቀመጠች። ካርዷን መልሳ መዳፉ ውስጥ አኖረችና ጣቶቹን አጠፈችለት።

«ያልጨረስኩት አለ» አለች። «ያኔ እህቴ ማሽኑ ላይ አልቆመችም ነበር፤ ስለ ራሴ ብቻ ነው የነገርኩህ። ቅዳው።»

«እርግጠኛ ነሽ? ባለፈው ማን እንደሆንሽ እንኳ ልትነግሪኝ ፈርተሽ ነበር።»

«አዎ።» በረጅሙ ተነፈሰች። «እንግዲያው ከስሜ ልጀምር።»

ኢንስፔክተሩ ሳጅኗንና ወንድምየውን በዓይኑ ጠቀሳቸው። ሦስቱም በእግር ጣታቸው ወጡ፤ በሩንም ቀስ ብሎ ዘጋላቸው።